የ1990ዎቹን ማዝዳ ሚያታ ውስጥ በኋለኞቹ ዕቃዎች ማደስ፦ ከወንበር እስከ በር ፓኔል

ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሸራ የሆነው ትንሿ የስፖርት መኪና ማዝዳ ሚያታ በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀርብ፣ የውስጥ ዕቃዋ ሠላሳ አምስት ዓመት ያገለግላል ብሎ ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሞተሩ አገልግሏል፤ ካምቢዮውም እንዲሁ። ወንበሩ ግን ሰጥሟል፣ የበሩ ፓኔል ከሥሩ ተጣሟል፣ የማርሹ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ደግነቱ ማዝዳ ይህችን መኪና ሲያሻሽል መሠረቷን ብዙም ስላልነካ፣ ከኋላ የመጡት ዕቃዎች ከፊተኞቹ መኪኖች ላይ ሳይቸግሩ የሚገጥሙበት ቦታ ብዙ ነው። የማይገጥሙበትም አለ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ መመሪያ የተጻፈው የመጀመሪያው ትውልድ ሚያታ ላላቸው ነው፤ ባለቤቶቿ ኤንኤ ይሏታል። መብራቷ ከኮፈኑ ብቅ የሚለው፣ በአሜሪካ ገበያ ከ1990 እስከ 1997 ሞዴል የተሸጠችው ናት። ጃፓን ውስጥ ዩኖስ ሮድስተር ትባል ነበር። ሁለተኛው ትውልድ፣ ኤንቢ፣ አሜሪካ የገባው በ1999 ሞዴል ሲሆን እስከ 2005 ቆይቷል። ሦስተኛው፣ ኤንሲ፣ በ2006 ሞዴል የመጣው በሌላ መሠረት ላይ ነው፤ ከሌላዋ የማዝዳ የስፖርት መኪና ከአርኤክስ-8 ጋር የሚጋራው ብዙ ነው እንጂ ከአሮጌዋ ጋር አይዛመድም። ስለዚህ ለኤንኤ ዕቃ ሲፈልጉ ዓይንዎን ከኤንቢ አያሳልፉ። ከኤንሲ የሚመጣ ወንበር ሐዲዱም ስፋቱም ሌላ ነው፤ ጎኑ ላይ ደግሞ ኤርባግ አለው።

ሌላም ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ፦ ኤንኤ ራሷ ሁለት ናት። በአሜሪካ ገበያ እስከ 1993 ያለችው ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ናት፤ ከ1994 ጀምሮ ያለችው ባለ 1.8። በዚያው ዓመት ሞተሩ ብቻ አይደለም የተለወጠው። በአሜሪካ ገበያ ለተሳፋሪውም ኤርባግ ተጨመረ፣ የበሩ ፓኔል ቅርጹ ተለወጠ፣ የእጅ ማሳረፊያው ከፓኔሉ ጋር አንድ ሆነ። ባለ 1.6 መኪና ያለው ሰው እንግዲህ ከሁለት ቦታ መግዛት ይችላል፦ ወንበሩን ከኤንቢ፣ የበር ፓኔሉን ከ1994 እስከ 1997 ካለችው ኤንኤ። እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው።

ዕቃ ሲገዙ

ወንበር የሚገዛው በጥንድ፣ ከአንድ መኪና፣ መሪው ከእርስዎ መኪና ጋር በአንድ ወገን ከሆነው ነው። አሜሪካ ውስጥ ሃያ አምስት ዓመት የሞላው መኪና ያለ ብዙ ጣጣ ስለሚገባ መሪያቸው በቀኝ የሆነ የጃፓን ዩኖሶች ዛሬ በየሰፈሩ ይታያሉ፤ ከእነሱ የወጣ ዕቃም በርካሽ ይሸጣል። የአሽከርካሪ ወንበር ማስተኛ እጀታው በበሩ በኩል ነው። ከጃፓን መኪና የወጣውን የአሽከርካሪ ወንበር መሪው በግራ ለሆነ መኪና ካመጡት እጀታው ከመሐሉ ኮንሶል (በሁለቱ ወንበሮች መካከል ካለው ሳጥን) ጋር ይጣበቅና እጅ የሚያስገባ ቦታ አይኖርም።

ወንበሩን ከመግዛትዎ በፊት ገልብጠው ሐዲዱን ያንሸራትቱ። በሁለቱም በኩል እኩል መሄድና እኩል መቆለፍ አለበት። የጨርቁ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ስፖንጁም ይቀየራል፤ የተጣመመ ሐዲድ ግን ከግጭት የመጣ ሊሆን ስለሚችል ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። ከ2001 በኋላ የተሠሩት የኤንቢ ወንበሮች ጎናቸው ወፈር ያለ፣ ሰውነትን አቅፎ የሚይዝ ነው፤ ለረጅም መንገድ ደስ ይላሉ። ሰፋ ያለ ትከሻ ላለው ወይም ረጅም ለሆነ ሰው ግን ቀድሞ መቀመጥና መሞከር ይሻላል። የኤንኤ ጣሪያ ዝቅ ያለ ነው፤ ሁለት ጣት ከፍ ማለት እንኳ ዓይንዎን ከመስታወቱ የላይኛው ጠርዝ ጋር ሊያገናኘው ይችላል። እንዲህ ከሆነ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ስፖንጅ ቀጠን አድርጎ መቁረጥ የቆየ የሚያታ ባለቤቶች መላ ነው፤ ማንኛውም የመኪና ታፒሴሪያ ሠራተኛ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል።

ከወንበሩና ከፓኔሉ ጋር ትንንሾቹንም ጠይቀው ይውሰዱ። ብሎኑን፣ የበር ፓኔል ፕላስቲክ ክሊፖቹን፣ የብሎን ቀዳዳ መሸፈኛ ክዳኖቹን። ሻጩ ለእነዚህ ብዙውን ጊዜ ዋጋ አይጠይቅም፤ በኋላ ለየብቻ ሲፈልጓቸው ግን ያንገላታሉ።

መሣሪያና ዝግጅት

10፣ 14 እና 17 ቁጥር ቁልፍ ከነማራዘሚያው፣ ባለ መስቀል ካቻቢቴ አጭርና ረጅም፣ ፒንሳ፣ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ፣ የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት፣ ናስትሮ፣ እና ትንንሽ ፌስታሎች። መፈልቀቂያው ፕላስቲክ ይሁን። በብረት ካቻቢቴ የተፈለቀቀ ፓኔል ጠርዙ ላይ ጠባሳ ይይዛል።

የሁሉም ሥራ መጀመሪያ ባትሪው ነው። የሚያታ ባትሪ ያለው ከኋላ ኮፈን ውስጥ በቀኝ በኩል ነው። ነጌቲቩን በ10 ቁጥር ይፍቱና ገመዱን ገለል አድርገው ያስሩት። ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ኤርባጉን የሚያፈነዳው ሥርዓት ባትሪው ከተነቀለም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይይዛል፤ ጥበቃው ለዚያ ነው። ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ልባስ ያለው ሽቦ ካዩ የኤርባግ ነው ብለው ይቁጠሩት፤ አይንቀሉት፣ በመልቲሜትርም አይለኩት። የመልቲሜትሯ ትንሽ ኃይል ኤርባግ ልታፈነዳ ትችላለች።

መኪናው ውስጥ ቀዝቃዛ ከሆነ ሥራውን ለሌላ ቀን ያቆዩት፤ ካልሆነም በፀጉር ማድረቂያ እያሞቁ ይሥሩ። የሠላሳ ዓመት ፕላስቲክ በብርድ ሲታጠፍ ጠቅ ብሎ ይሰበራል፤ ሲሞቅ ግን ይለጠጣል።

ወንበሩን ማውጣትና መግጠም

እያንዳንዱን ወንበር የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ ሁሉም 14 ቁጥር። የኤንቢ ወንበር እግሮች የሚያርፉት በእነዚሁ ቀዳዳዎች ላይ ነው፤ መብሳት ወይም መበየድ የለም። ሻጩ «ትንሽ ማስተካከያ ይፈልጋል» ካለዎት ወንበሩ የኤንቢ አይደለም፣ ወይም እግሩ ተጣሟል።

1. ከአንድ ቀን በፊት ብሎኖቹ ላይ የዝገት ማስለቀቂያ ይርጩ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በመሳሰሉት፣ ክረምት ጨው በሚበተንባቸው ስቴቶች ለኖረች መኪና ይህ ግዴታ ነው፤ በጫማ እየገባ የተጠራቀመው ጨው በመጀመሪያ የሚበላው እነዚህን ብሎኖች ነው። ዳዶው ከወለሉ ላሜራ ጋር የተበየደ ስለሆነ ብሎኑ ውስጥ ከተቆረጠ ሥራው ከታች፣ በመኪናው ሥር ይሆናል።

2. ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ገፍተው የኋላዎቹን ሁለት ይፍቱ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ገፍተው የፊቶቹን። ብሎኑ ካስቸገረ ወዲያና ወዲህ እያሉ ሩብ ዙር ሩብ ዙር ያንቀሳቅሱት እንጂ በአንድ ጊዜ በኃይል አይጎትቱት።

3. ወንበሩን ወደ ኋላ ጋደል አድርገው ሥሩን ይዩ። የአሽከርካሪው ወንበር ላይ የቀበቶ ማስጠንቀቂያ ሽቦ አለ። ከራስ ማሳረፊያው ውስጥ ድምፅ ማጉያ ያላት መኪና ከሆነች (ብዙ ኤንኤዎች አላቸው፣ ጥሩ ሐሳብ ነበር) የእሱም ሽቦ እዚያው ነው። ሁለቱንም ከሶኬታቸው ይንቀሉ፤ ሽቦ አይቁረጡ።

4. ወንበሩን ሲያወጡ የበሩን ጠርዝና የደፉን ፕላስቲክ በወፍራም ጨርቅ ይሸፍኑ። የሐዲዱ ጫፍ ስለት ነው፤ ቀለም ሲፍቅ ድምፁ እንኳ አይሰማም።

5. አሁን ዋናው፦ የቀበቶ መቆለፊያው። ሚያታ ላይ መቆለፊያው የታሰረው ከወንበሩ ጋር ነው፣ ከወለሉ ጋር አይደለም። ኤንቢ ወንበር ሲገዙ ከኤንቢ መቆለፊያ ጋር ይመጣል፤ የእርስዎ ቀበቶ ምላስ ግን የኤንኤ ነው። ምላሱ ገብቶ «ጠቅ» ቢል እንኳ አይመኑት። መቆለፊያና ምላስ አብረው የተሠሩ ጥንድ መሆን አለባቸው። የራስዎን መቆለፊያ ከአሮጌው ወንበር ፈትተው ወደ አዲሱ ያዛውሩት። እንዲህ ካደረጉ የማስጠንቀቂያው ሽቦም ያለ ምንም ማስተካከያ ከራሱ ሶኬት ጋር ይገናኛል፤ አንድ ሥራ ሁለት ችግር ይፈታል። የመቆለፊያውን ብሎን ሲመልሱ ሮንዴላዎቹን በነበሩበት ቅደም ተከተል ይመልሱ፤ መቆለፊያው በቦታው ላይ መወዛወዝ መቻል አለበት።

6. አዲሱን ወንበር አስገብተው አራቱንም ብሎኖች በመጀመሪያ በጣት ብቻ ያስጀምሩ። አንዱ አልገባ ካለ ሌሎቹን አላልተው ወንበሩን ያንቀሳቅሱት፤ በቁልፍ አስገድደው ካስገቡት ጥርሱ ይበላል። አራቱም ከያዙ በኋላ ወንበሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ያንሸራቱ፤ ሐዲዱ ራሱን ያስተካክላል። ከዚያ ለመኪናዎ ዓመት የወጣው የጥገና መጽሐፍ በሚለው መጠን በቶርክ ቁልፍ ያጥብቁ።

የራስ ማሳረፊያ ድምፅ ማጉያ ሽቦ አሁን የሚገባበት ስለሌለው ሶኬቱን በናስትሮ ጠቅልለው ከምንጣፉ ሥር ያስሩት። ሁለቱ ጫፎች ከተነካኩ የሬዲዮውን ማጉያ ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ማጉያዎቹን የሚወዷቸው ሰዎች ከአሮጌው ወንበር አውጥተው ወደ አዲሱ ራስጌ ለማስገባት ይሞክራሉ። እኔ አልመክርም፤ ራስ የሚያርፍበትን ስፖንጅ መቦርቦር የግጭት ቀን ዋጋ ያስከፍላል።

ወንበሩ ከወጣ አይቀር

ወለሉ ባዶ ሆኖ የሚታይበት ቀን ብዙ አይመጣም፤ ስለዚህ ምንጣፉን ይዳብሱ። እርጥብ ከሆነ ከላይ ማድረቅ መፍትሔ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ወፍራም ንጣፍ ውሃ ይዞ ለወራት ይቆያል።

ሚያታ ውስጥ ውሃ የሚገባበት ታዋቂ መንገድ አንድ ነው። ከሸራው የሚወርደው ዝናብ ከሸራው ጠርዝ ሥር ባለ መቀበያ ተሰብስቦ፣ ከወንበሮቹ ኋላ ግራና ቀኝ ባሉ ቱቦዎች ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ወደ መሬት ይፈስሳል። ቱቦው በቅጠልና በአፈር ሲደፈን ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል። ተጣጣፊና ጫፉ ደብዛዛ በሆነ ነገር፣ ለምሳሌ በሣር ማጨጃ ወፍራም ናይለን ክር፣ ቀስ ብለው ይክፈቱት፤ ሽቦ ቱቦውን ይበሳዋል። ከዚያ አንድ ኩባያ ውሃ አፍስሰው መሬት ላይ ሲወርድ ይዩ። መሪዋ በግራ በሆነች ባለ 1.6 መኪና የሞተሩ ኮምፒውተር ያለው በተሳፋሪው እግር ሥር፣ ከምንጣፉ በታች ነው። አዲስ ወንበር ገጥሞ የተደፈነ ቱቦ መተው ማለት ያንን ኮምፒውተር በውሃ ላይ ማስቀመጥ ነው።

የበር ፓኔል

ይህ ሥራ ከወንበሩ ይልቅ ትዕግሥት ይፈልጋል። የድሮው ፓኔል ፕላስቲክ የለበሰ የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ ነው። ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ክሊፑ የሚይዝበት ቀዳዳም ይፈረፈራል። የብዙ ኤንኤዎች ፓኔል ከሥር ተገንጥሎ የሚንጠለጠለው ለዚህ ነው።

አፈታቱ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከትንሹ ወደ ትልቁ ይሂድ። በሩን መክፈቻዋን ትንሽ እጀታ ከከበባት ኩባያ ውስጥ አንድ ብሎን አለ፤ እሱን ፈትተው ኩባያውን ጎተት ካደረጉት ከኋላው ከመክፈቻው ዘንግ ይላቀቃል። ዘንጉን አያጥፉት። ቀጥሎ የእጅ ማሳረፊያው ብሎኖች፤ ክዳን ከሸፈናቸው ክዳኑን በመፈልቀቂያ ያንሱት። መስታወቱ በእጅ የሚዞር ከሆነ ማዞሪያው ከኋላው በቀለበት ክሊፕ ተይዟል። ረጅም ጨርቅ በማዞሪያውና በፓኔሉ መካከል አስገብተው ጫማ እንደሚጠርግ ሰው ወዲያና ወዲህ ቢስቡት ክሊፑ ይዘልላል። የት እንደሚዘል አይታወቅምና በሌላ ጨርቅ ይሸፍኑት።

ቀጥሎ መፈልቀቂያውን ከታችኛው ጥግ ያስገቡና አንድ ክሊፕ ባለበት ቦታ ሁሉ፣ ክሊፑ አጠገብ ብቻ፣ ይፈልቅቁ። ከክሊፑ ራቅ ብለው ከሳቡ ሰሌዳው ይቀደዳል። ታችና ጎን ከተለቀቀ በኋላ ፓኔሉ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያንሱት።

ከሥሩ የሚያዩት ላስቲክ ብዙ ሰው ቀዳዶ የሚጥለው ነው። አይጣሉት! በመስታወቱ ሥር የሚገባው ዝናብ በበሩ ውስጥ ወርዶ በታች ቀዳዳዎች እንዲወጣ የሚያደርገው እሱ ነው። ላስቲክ የሌለው በር አዲሱን ፓኔል በሁለት ክረምት እንደ አሮጌው ያደርገዋል። ጥቁሩን ሙጫ በፀጉር ማድረቂያ እያሞቁ ቀስ ብለው ይላጡት። ከተቀደደ ወፍራም የፕላስቲክ ላስቲክ (0.15 ሚሊ ሜትር ያህል) በአሮጌው ልክ ቆርጠው በማይደርቀው የጥቅልል ጥቁር ሙጫ ይለጥፉ። ሲሊኮን አይጠቀሙ፤ ለቀጣዩ ሰው እርግማን ነው፣ ቀጣዩ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እርስዎ ራስዎ ነዎት።

በሩ ተከፍቶ ሳለ የመስታወቱን ማንሻ ይዩ። የሚያታ መስታወት በዝግታ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ደክሞ አይደለም። የድሮው ግራሶ ደርቆ ሙጫ ሆኗል፣ የማንሻው ገመድ ጫፍ ላይ ያሉት ትንንሽ ፕላስቲኮችም ተፈርፍረዋል። ሐዲዱን ጠርገው ነጭ ግራሶ ይቀቡት፤ ፕላስቲኮቹም ለብቻቸው ይሸጣሉ። የበሩን የታች ቀዳዳዎችም በዚሁ አጋጣሚ ይክፈቱ።

አሁን የ1994ቱ ፓኔል። ከመግጠምዎ በፊት አሮጌውን ወለል ላይ በፊቱ ደፍተው አዲሱን ከጎኑ ያድርጉ፤ ክሊፖቹ የት እንደሚያርፉ፣ የድምፅ ማጉያው ቀዳዳ የት እንዳለ፣ የእጅ ማሳረፊያው ብሎን የትኛው ላሜራ ውስጥ እንደሚገባ ያመሳክሩ። ጭነቱን የሚሸከመው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ሰው በሩን ሲዘጋ የሚስበው እጀታውን ነውና። ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ በርዎ ላይ ከሌለ ወይም ከሰፋ፣ ፓኔሉ በክሊፕ ብቻ እንዲንጠለጠል አይተዉት። ላሜራውን በስተው በሪቬት የሚጣበቅ ዳዶ ያስገቡ። ከመብሳትዎ በፊት መስታወቱን እስከ ላይ ያንሱ፤ የመሰርሰሪያው ጫፍም ከላሜራው አልፎ ብዙ እንዳይገባ ናስትሮ ጠቅልለው ምልክት ያድርጉበት።

የገዙት ፓኔል ክሊፕ የሚይዝበት ቦታ ከተፈረፈረ ይጠገናል። የተፈረፈረውን ጠርገው ያውጡ፣ ሁለት ዓይነት ተቀላቅሎ የሚደርቅ ኢፖክሲ ከፋይበር ጨርቅ ቁራጭ ጋር ይሙሉት፣ ሲደርቅ ቀዳዳውን እንደገና ያውጡ። ከዚያ የፓኔሉን ጀርባ በሙሉ፣ በተለይ የታችኛውን ጠርዝ፣ በእንጨት ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ይቀቡት። ርካሽ ሥራ ነው፤ የዚህን ያህል ዕድሜ የሚጨምርለት ሌላ ነገር ግን አላውቅም።

ሲገጥሙ መጀመሪያ ከላይ በመስታወቱ ጠርዝ ያንጠልጥሉት፣ የመክፈቻውን ዘንግና የሽቦዎቹን ሶኬት ያገናኙ፣ መስታወቱን ሞክረው ካዩ በኋላ ብቻ ክሊፖቹን በመዳፍ ይምቱ። ወንበሩም ከተቀየረ በሩን ቀስ ብለው ዘግተው የወንበሩ ወፍራም ጎን ከአዲሱ የእጅ ማሳረፊያ ጋር እንደማይፋተግ ያረጋግጡ።

ኮንሶልና የማርሽ እጀታ

የመሐሉ ኮንሶል ቀላል ነው። የማርሽ እጀታው በግራ ዙር ይወጣል። የሲጋራ አመድ መያዣውን ሲያወጡ ከሥሩ ብሎን ያገኛሉ፣ ግራና ቀኝ በእግር በኩል አሉ፣ ከኋላም በሳጥኑ ውስጥ። የእጅ ፍሬኑን ወደ ላይ ስበው ኮንሶሉን ከኋላው ያንሱት፤ የመስታወት ማብሪያውና የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ስላሉ በአንድ ጊዜ አይሳቡት። መኪናው እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር ድንጋይ ያስቀምጡ፤ ማርሹንና ፍሬኑን ሲነካኩ ይረሳል። ኤንኤን በኤንኤ መቀየር ችግር የለውም። የኤንቢ ኮንሶል ግን ከፊቱ ካለው ከራሱ ሬዲዮ ፓኔል ጋር እንዲገናኝ የተቀረፀ ስለሆነ ኤንኤ ውስጥ መጋጠሚያው አያምርም፤ ለኩባያ መያዣ ብለው ከሆነ አይልፉ።

የማርሽ እጀታው ጥርስ 10 ሚሊ ሜትር በ1.25 ነው። ማዝዳ ይህን ስላልቀየረው የዛሬዋን ሚያታ እጀታ እንኳ ያለ አስማሚ መግጠም ይቻላል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ፣ በየቀኑ የሚዳሰስ ለውጥ ነው።

ዳሽቦርዱን ይተዉት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አይስማማኝም። የኤንቢ ዳሽቦርድ ከኤንኤ ይልቅ የተስተካከለ መልክ አለው፤ ፎቶው ያጓጓል። ግን የኤንኤ መሐለኛ ፓኔል ላይ መብራቱን ከኮፈኑ የሚያወጣው ማብሪያ አለ፤ የኤንቢ መብራት ቋሚ ስለሆነ ፓኔሉ ለዚህ ማብሪያ ቦታ የለውም። የኤንኤ ፍጥነት መለኪያ የሚዞረው ከካምቢዮው በሚመጣ ገመድ ነው፤ የኤንቢው በኤሌክትሪክ ነው። የተሳፋሪው ኤርባግም ያለው ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው። ፕላስቲክ ለመቀየር የተጀመረው ሥራ በዚህ መንገድ ሽቦ ሁሉ ወደ መቀየር ይዞራል።

ደግሞም አዲስ ሁሉ የተሻለ አይደለም። እስከ 1994 ባሉት ኤንኤዎች ላይ የዘይት ግፊት መለኪያው እውነተኛ ነው፤ መርፌው ከሞተሩ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ከ1995 ጀምሮ መርፌው ግፊት «አለ» ወይም «የለም» ብቻ የሚል ሆነ፤ አለ ካለ መሐል ላይ ይቆማል። አሮጌውን መለኪያ ነቅሎ የኋለኛውን የሚገጥም ሰው ገንዘብ ከፍሎ መረጃ ይጥላል።

መሪውም እንዲሁ። ናርዲ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የኤንቢ መሪ በኤንኤው ዘንግ ላይ ይቀመጣል፣ ያምራልም። ኤርባጉ ግን ከመኪናው የግጭት ጠቋሚዎች ጋር አብሮ የተሠራ አንድ ሥርዓት ነው፤ የአንዱን ትውልድ ቦርሳ ከሌላው ጋር አገናኝቶ የማስጠንቀቂያው መብራት ስለጠፋ ብቻ ይሠራል ማለት አይቻልም። መሪው ካረጀ ቆዳውን በታፒሴሪያ ያስቀይሩ።

ቀለም

ከሁለት መኪና የመጣ ጥቁር አንድ ዓይነት ጥቁር አይሆንም፤ ቡናማው ደግሞ ይብሳል፣ የኤንኤና የኤንቢ ቡናማ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይለያያሉ። ለቆዳና ፕላስቲክ የተሠራ ማቅለሚያ ያስተካክለዋል፤ የግድግዳ ወይም የብረት ስፕሬይ ግን በወራት ውስጥ ይላጣል። ያለ ዝግጅት የትኛውም አይዝም። መጀመሪያ በሳሙና ውሃና በለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያ በአልኮል ይጥረጉት። የዓመታት ማንጸባረቂያ ቅባት ከፕላስቲኩ ካልወጣ ቀለሙ እንደ ዘይት ጠብታ ይሰበሰባል። ቀጫጭን አድርገው አራት አምስት ጊዜ ይርጩ፣ በየመሐሉ ያድርቁ። ፔዳል፣ መሪና የማርሽ እጀታ ላይ አይርጩ፤ የሚያንሸራትት ነገር እዚያ መኖር የለበትም።

መሞከር

ባትሪውን ይመልሱ። ቁልፉን ሲያዞሩ መኪናው ውስጥ ማንም አይቀመጥ፤ ከውጭ እጅዎን አስገብተው ያብሩት። የኤርባጉ መብራት ለጥቂት ሴኮንድ በርቶ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ መልሰው ያጥፉ፣ ባትሪውን ይንቀሉ፣ የነኩትን ሶኬት ሁሉ ይፈትሹ።

ቀጥሎ ቀበቶው። ቆልፈው በኃይል ደጋግመው ይሳቡት፣ ሲለቁት በአንድ ጣት መከፈት አለበት፤ የማስጠንቀቂያው መብራትም ሲቆለፍ ይጥፋ። ወንበሩን በየደረጃው እያቆሙ በእግርዎ ወለሉን ገፍተው ያወዛውዙት፤ ከሐዲዱ «ጠቅ» ሳይል የሚቆም ወንበር ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይሄዳል። መስታወቶቹን ሁለት ጊዜ አውርደው ያንሱ። በመጨረሻ ሸራውን ዘግተው በበሩና በሸራው ላይ ውሃ ያፍስሱ፤ በማግስቱ ምንጣፉን ይዳብሱ።

ከሳምንት መንዳት በኋላ ስምንቱን የወንበር ብሎኖችና የቀበቶ መቆለፊያዎቹን ብሎኖች እንደገና በቶርክ ቁልፍ ይፈትሹ። ያወጡትን አሮጌ ዕቃ ከነብሎኑ በየፌስታሉ ስም ጽፈው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት፤ መኪናዋን አንድ ቀን ሊሸጡ ከሆነ ገዢው የመጀመሪያ ዕቃዋን መጠየቁ አይቀርም።